ሁለት የልብ በር ያስቀየረው የቤሌ ጠሪ

የሶዶ መናኸሪያ ገብቶ የዳልጮን ድምፅ ያልሰማ ሰው ካለ፣ ወይ ጆሮው ችግር አለበት፣ ወይ የመጣው ዳልጮ በታመመበት ዓመት ነው።

ዳልጮ ወደ ቤሌ ከተማ የሚሄዱትን መኪኖች ተራ የሚያስከብርና ተሳፋሪ የሚጠራ ሰው ነው። አጠር ያለ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ሰላምታ የማያልቅበት። ደረቱን ነፍቶ "ቤሌ! ቤሌ! ቤሌ!" ሲል ከበሩ ውጭ ሙዝ የዘረጉት ሴቶች ሳይቀሩ ቀና ይላሉ። ባልደረቦቹ "አንተ አንድ ቀን ብትቀር ቤሌ ከካርታ ትጠፋለች" እያሉ ይቀልዱበት ነበር። እሱም ቀልዱን ከልቡ ይወደዋል። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መዝሙር ሲነሳ ከፊቱ የተቀመጡት ሰዎች ፈገግ ብለው አንገታቸውን ሰበር ያደርጋሉ። ድምፁ ከኋላ እንደ ነፋስ ነው የሚመታቸው።

ይሄ ድምፅ ነው መቆራረጥ የጀመረው።

በመጀመሪያ ሦስተኛዋ "ቤሌ" ጠፋች። ዳልጮ አቧራው ነው አለ፤ ዝንጅብል አፍልቶ ጠጣ። ቀጥሎ ሁለተኛዋ ሄደች። ቤቱ ከከተማው በላይ፣ በዳሞታ ተራራ ግርጌ በኩል ነውና ማታ ከሥራ ሲመለስ ዳገት አለበት። ያን ዳገት ድሮ እየዘመረ ነበር የሚወጣው። አሁን ግን በየአጥሩ እየቆመ ጎረቤት ያወጋ ጀመር። የአንዱን ላም ጤና ይጠይቃል፣ የሌላውን ሽማግሌ አባት ሰላም ይላል፣ ከሦስተኛው ጋር ስለ ዝናብ ይነጋገራል። ሰፈሩ ተገረመ። "ዳልጮ ዘንድሮ እንዴት ያለ ተግባቢ ሰው ወጣው!" ተባለ።

ሚስቱ ህብረት ግን አልተታለለችም። ሰፊ ሰው ናት፤ ልብስ ሰፊ። መርፌ በጥርሷ ነክሳ ሰውን እያየች መለካት ልማዷ ነው። አንድ ምሽት አጥር ሥር ቆሞ ደረቱ ሲወጣና ሲወርድ ከሩቅ አየችው።

"አንተ" አለችው ቤት ሲገባ፣ "ጎረቤት መውደድ የያዘህ ትንፋሽ ስላጠረህ ነው አይደል?"

"ደከመኝ እንጂ ምንም አልሆንኩም።"

"ጫማህን አውልቅ።"

አወለቀ። እግሩ አብጦ የካልሲው አፍ ሥጋው ላይ ቀለበት ሠርቷል። ህብረት በነጋታው ሆስፒታል እንደሚሄዱ ነገረችው። እሱ ደግሞ በነጋታው የገበያ ቀን ነው ብሎ ሹልክ ብሎ ሥራ ሄደ።

መናኸሪያው ጥግ ላይ ሳሊህ የሚባል ወዳጁ የጅምላ ሱቅ አለው፤ ስኳር፣ ሳሙና፣ ዱቄት ያከፋፍላል። አባቱ ከስልጤ መጥተው ሶዶ የከተሙ ናቸው፤ ሳሊህ ራሱ ተወልዶ ያደገው እዚሁ ነው፤ ወላይትኛውም ከዳልጮ አያንስም። የወዳጁን ድካም ካየ ሰንብቷል። ሳይነግረው ከአዲስ አበባ በእጅ የሚያዝ ድምፅ ማጉያ አስመጥቶለት ነበር።

ዳልጮ ዕቃውን ገልብጦ አየውና "የሚጠራው እኔ ነኝ ወይስ ባትሪው?" ብሎ ሳይቀበል መለሰለት።

ያን የገበያ ቀን ረፋዱ ላይ ዳልጮ "ቤ—" አለ። "ሌ" አልመጣችም። ሳሊህ ሱቅ በር ላይ ከተደረደሩት የዱቄት ከረጢቶች በአንዱ ላይ ዘጭ አለ፤ ከንፈሩ አመድ መሰለ። ሳሊህ ሱቁን ሳይዘጋ የዳልጮን ክንድ በራሱ ትከሻ ላይ አዙሮ አስነሳው፤ በባጃጅ ጭኖ ሆስፒታል አደረሰው። ህብረት እዚያ ስትደርስ መለኪያ ሜትሯ አሁንም አንገቷ ላይ ነበር።

ሐኪሙ ልቡን በአልትራሳውንድ ካየ በኋላ ባልና ሚስቱን አስቀምጦ ጠየቃቸው። ልጅ ሳለህ ጉሮሮህን አሞህ ያውቃል? ጉልበትና ክርንህ አብጦ ያውቃል? ዳልጮ አስታወሰ። ገሱባ አጠገብ ነው ያደገው። አንድ ክረምት መገጣጠሚያው ሁሉ አብጦ እናቱ ቅቤ እያሹ አስተኝተውት ነበር። ሻል ሲለው ሁሉም ሰው ረሳው። ልቡ ግን አልረሳም ነበር።

"ልብ ደም የሚያሳልፍባቸው በሮች አሉት፤ ቫልቭ እንላቸዋለን" አለ ሐኪሙ። "ያንተ ሁለቱ ተበላሽተዋል። አንደኛው ጠቦ አይከፈትም፤ ሁለተኛው በደንብ አይዘጋም።"

ዳልጮ ፊቱ በራ። ሊገባው የሚችል ነገር ሰማ። "እንደ ሚኒባስ በር ነዋ!"

"እንደዚያ በለው።"

"ታዲያ በገመድ ማሰር አይቻልም?"

ሐኪሙ ሳቀ፤ ህብረትም እንባዋን እየጠረገች ሳቀች። ከዚያ ሐኪሙ መድኃኒት ጻፈ፣ ሁለቱም ቫልቮች በቀዶ ሕክምና መቀየር እንዳለባቸው ነገራቸው፣ አዲስ አበባ ለሚሠራው ቡድን ወረቀቱን ላከ። ሕክምናው በነጻ ነበር፤ ወረፋው ግን ረጅም። ተራ ሲያስከብር የኖረ ሰው ተራ መጠበቅን በዚያ ዓመት ተማረ። ከሳሊህ ሱቅ በር ላይ በርጩማ ተሰጠው፤ እዚያ ተቀምጦ፣ እያፈረ፣ በዚያው አልቀበልም ባለው ድምፅ ማጉያ ጠራ።

ከአዲስ አበባ ሲደወል ህብረት የሙሽራ ቀሚስ እየሰፋች ነበር። ቀሚሱን ለጎረቤቷ ሰጥታ ተነሳች።

የቀዶ ሕክምናው ሐኪም ፀጉሩ ገባ ገባ ያለ፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ዳልጮ ሌሊቱን ሙሉ ሲያብሰለስለው ያደረውን ጥያቄ በቀጥታ ጠየቀው።

"ዶክተር፣ እንደኔ ሁለት የሚቀየርላቸው ሰዎች... ይወጣሉ?"

"ብዙዎቹ ይወጣሉ" አለ ሐኪሙ። "ሁሉም አይወጡም፤ አልዋሽህም። ሁለት መቀየር አንድ ከመቀየር ይከብዳል። ሳይቀይሩ መቀመጥ ግን ከሁሉም ይከብዳል። ከወጡ በኋላ ደግሞ ዕድሜያቸው በኔ እጅ ብቻ አይደለም። መድኃኒቱን ሳያቋርጥ የሚውጥ፣ ደሙን በጊዜው የሚያስለካ ሰው ልጆቹን ይድራል። የረሳ ሰው ጣጣ ይመጣበታል።"

ዳልጮ ጥቂት አሰበ። "እንግዲያው ከሚወጡት ጋር ተራ ይያዙልኝ።"

በዚያው ክፍል፣ ከአጠገቡ አልጋ ላይ፣ ጋሽ ቶማ የሚባሉ የቤሌ ገበሬ ተኝተዋል። ሃምሳውን ያለፉ፣ ቀጭን፣ ዓይናቸው የሚስቅ ሰው ናቸው። ዳልጮ ነርሷን ሰላም ሲል ገና ድምፁን ሰምተው ከአልጋቸው ቀና አሉ።

"ቆይ፣ ቆይ። አንተ ያ መናኸሪያ የምትጮህብን ሰውዬ አይደለህም?"

"ነኝ ጋሼ።"

"የዝንጅብል ጆንያዬን ተሸክሜ ስንት ጊዜ ጆሮዬን አደንቁረኸኛል! ለመሆኑ ቤሌን ታውቃታለህ?"

ዳልጮ ራሱን አከከ። "ከስሟ በቀር... አላውቃትም።"

"ይሄን ሁሉ ዓመት ሰው ስትልክብን፣ አንድ ቀን ራስህ አልመጣህም?" ጋሽ ቶማ ሲስቁ ሳል አቋረጣቸው። "ስንድን ትመጣለህ። ባለቤቴ አስካለች የምትሠራውን የበርበሬ ዳጣ ቀምሰህ ታለቅሳለህ።" ያን ቀን ለሚስታቸው ደውለው "ያ የሚጮኸው ሰውዬ አጠገቤ ተኝቷል፤ እንደኛው ሰው ነው" ብለው ነገሯት።

መጀመሪያ የገቡት ጋሽ ቶማ ናቸው፤ በማግሥቱ ዳልጮ ገባ። ቫልቮቹ ከብረትና ከካርቦን የተሠሩ ናቸው። ዳልጮ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ሲነቃ መጀመሪያ የሰማው ድምፅ ጭቅ፣ ጭቅ፣ ጭቅ የሚል ነበር። የግድግዳ ሰዓት ፈለገ፤ አጣ። ነርሷ ገብቷት ጣቷን ወደ ደረቱ ቀሰረች።

ሁለቱም ወደ አልጋቸው ተመለሱ፤ ቁጭ ብለው ሾርባ ጠጡ፤ እየተደጋገፉ ኮሪደሩን ዞሩ። በሁለተኛው ሳምንት ግን ጋሽ ቶማ ትኩሳት ያዛቸው። ልባቸው በተበላሹ በሮች ብዙ ዓመት ሲታገል ደክሞ ነበርና ተጨማሪ ሸክም አልቻለም። አንድ ጠዋት ዳልጮ ሲነቃ አጠገቡ ያለው አልጋ አንሶላው ተነስቷል።

ዳልጮ ያን ጠዋት አልበላም አለ። "ለምን እኔ ቀረሁ?" አለ ለህብረት።

ህብረት የሾርባውን ማንኪያ ወደ አፉ አስጠጋች። "እሱን ጌታ ያውቃል። እኔ የማውቀው ይሄ ሾርባ መቀዝቀዙን ነው። ስትድን ሄደህ ሚስታቸውን ታስተዛዝናለህ።"

በላ።

ሶዶ ሲመለሱ ቤቱን እማማ አገርነሽ ተቆጣጥረውት አገኙ። እማማ አገርነሽ የህብረት እናት ናቸው፤ አማቻቸውን ለማስታመም ከገሱባ መጥተዋል። እጃቸው ለሥራ፣ አንደበታቸው ለትእዛዝ የተፈጠረ ሴት ናቸው። ሐኪሙ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት እንደሚወስድና ጎመን መድኃኒቱን ስለሚያዛባ አንድ ቀን አብዝቶ አንድ ቀን መተው እንደሌለበት ተናግሮ ነበር። እማማ አገርነሽ ግን "ጎመን" የሚለውን ቃል ብቻ ሰምተው፣ ጓሮ ያለውን ጎመን ሁሉ ነቅለው ለጎረቤት አደሉ።

"ዕቃ አታንሳ። አትሳቅ። አትቆጣ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ድምፅህን ከፍ እንዳታደርግ! በክር ነው የተሰፋኸው፤ ክር ይበጠሳል።"

ዳልጮ ሌላውን ቢያጉረመርምበትም በመጨረሻው ትእዛዝ ላይ በልቡ ተስማማ። ፈርቶ ነበር። ሲተነፍስ ጭቅ ጭቅ የሚለውን እያዳመጠ፣ በኃይል ቢናገር አንዱ በር ከማጠፊያው የሚወልቅ ይመስለው ነበር። ስለዚህ ማንሾካሾክ ጀመረ። ውኃ ሲጠይቅ ያንሾካሹካል። እንግዳ ሲመጣ ያንሾካሹካል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከንፈሩን ብቻ ያንቀሳቅሳል፤ በጸሎት ጸጥታ ግን ጭቅታው ጥርት ብሎ ስለሚሰማ፣ ከጎኑ የተቀመጡ አንድ አዛውንት "ሰዓትህን ወደ ኪስህ ጨምር" ብለው ገሠጹት።

ከዚያ በቀር ጤናው እየተመለሰ ነበር። የእግሩ እብጠት ጎደለ፣ ፊቱ ደም ለበሰ፣ ዳገቱን ከአጥር አጥር ሳይደገፍ ወጣ። ጎረቤቶቹ እንዲያውም ቅር አላቸው፤ "ዳልጮ ሲድን ኮራ" አሉ። ህብረትም የራሷን ጥቅም አገኘችበት። "ተመስገን፣ አሁን አይዋሸኝም" ትላለች ለደንበኞቿ። "ሲዋሽ ጭቅታው ይፈጥናል። ኪኒንህን ውጠሃል ወይ ስለው ጆሮዬን ወደ ደረቱ ነው የማዞረው።"

ከወራት በኋላ ለክትትል ሲሄድ ሐኪሙ ደረቱን መርምሮ "አጥንትህ ገጥሟል፤ ቫልቮቹ እንደ አዲስ መኪና ናቸው። ሥራህን ጀምር፣ እንደ ልብህ ጩህ" አለው።

"እሺ" አለ ዳልጮ፣ በሹክሹክታ።

ያን ሰሞን ወደ ቤሌ ሄደ። ለሌላው ሲጠራ በኖረበት መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱ ተሳፈረ፤ ሾፌሩ በደስታ የፊት ወንበር ሰጠው። እትዬ አስካለች፣ የጋሽ ቶማ ሚስት፣ በር ላይ ተቀበሉት። አልቅሰው ሲያበቁ ምግብ አቀረቡ፤ ዳጣውም በእርግጥ እንባ የሚያስመጣ ነበር። ሴትዮዋ ሲበላ እያዩት ቆዩና እንዲህ አሉት።

"ቶማ በስልክ ስላንተ ሲያወራ እየሳቀ ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ ሲስቅ የሰማሁት ያን ቀን ነው። እስቲ ልጄ፣ እንደምትጠራው አንዴ ጥራልኝ።"

ዳልጮ ተነሳ። አፉን ከፈተ። የወጣው የድመት ትንፋሽ የምታህል "ቤሌ" ናት። እትዬ አስካለች በትሕትና "ጎሽ" አሉት፤ እሱ ግን መንገዱን ሙሉ አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ።

መስከረም ላይ ጊፋታ ደረሰ። የወላይታ አዲስ ዓመት ሲቃረብ ሶዶ መናኸሪያ መቆሚያ አይገኝበትም፤ ከየአገሩ የመጣ ሰው ወደየወላጆቹ ቤት ይጣደፋል። እማማ አገርነሽም በዓሉን ገሱባ ሊያሳልፉ ተነሡ፤ ዳልጮ ሊሸኛቸው አብሯቸው ወረደ። ሻንጣቸውን እንዳይነካ ስለከለከሉት የተሸከመችው ህብረት ነበረች፤ በሕዝቡ መካከል ወደ ኋላ ቀርታለች።

"የገሱባው ያ ነጩ ነው፤ እዚህ ይጠብቁኝ፣ ወንበር ልያዝልዎት" አላቸው በለሆሳስ።

"ምን አልክ?"

"ያ ነጩ—"

በሕዝቡ መካከል ነጭ ሚኒባስ አንድ ብቻ መስሏቸው፣ እማማ አገርነሽ ክርናቸውን ወደ ፊት አድርገው ገፍተው በአቅራቢያቸው ያለው መኪና ውስጥ ገቡ፤ የመጨረሻውንም ወንበር ያዙ። ረዳቱ በሩን ዘጋ። ዳልጮ የመኪናውን ግንባር አየ። አርባ ምንጭ ይላል።

"ቁም" አለ። ማንም አልሰማውም። "እማማ!" አለ። ከጎኑ ያለው ሰው እንኳ ዞር አላለም። መኪናው ተንቀሳቀሰ። እማማ አገርነሽ በመስኮት እጃቸውን እያውለበለቡ ተሰናበቱት፤ ሌላው እጃቸው ለበዓሉ የገዙትን ቅቤ አቅፏል።

ያን ጊዜ ዳልጮ ክሩን ረሳው።

"አርባ ምንጭ! ቁም! አማቴን ይዘህብኝ ልትሄድ ነው! ቁ—ም!"

መናኸሪያው ጸጥ አለ። ሙዝ ሻጮቹ ቀና አሉ። የአርባ ምንጩ መኪና ብቻ ሳይሆን የሻንቶው፣ የቤሌውና ገና ያልሞላው የአዲስ አበባው አውቶቡስ ሁሉ ፍሬን ያዙ። ሳሊህ ከሱቁ ሮጦ ወጣና "መጣ! ድምፁ መጣ!" እያለ የሱቁን በር በመዳፉ ደበደበ።

ዳልጮ ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ቆሟል። ጭቅ፣ ጭቅ፣ ጭቅ። ፈጠን ብሏል እንጂ ያለው እንዳለ ነው።

እማማ አገርነሽ ከነቅቤያቸው ወረዱ። ሰው ሁሉ ያመሰግናሉ ብሎ ሲጠብቅ ቀጥ ብለው ወደ አማቻቸው ሄዱ።

"አትጩህ አላልኩህም?"

"እማማ፣ አርባ ምንጭ ሊወስድዎት ነበር!"

"ታዲያ ብሄድስ? ዓሣ በልቼ እመለስ ነበር! ያንተ ልብ ግን..." አሉና ድንገት ጆሯቸውን ደረቱ ላይ ለጠፉት። ብዙ ሰው ቆሞ ያያል። አዳመጡ፣ አዳመጡ። ቀና ሲሉ ቁጣው ከፊታቸው ጠፍቷል። "ሎኦ" አሉ በወላይትኛ። ደህና ነው ማለታቸው ነው። "እንዲህ ከሆነ የገሱባውን ጥራልኝ፤ እዚህ የሚጠራው ሰው ትንኝ ይመስላል።"

ጠራላቸው። ገሱባ ያን ቀን በሁለት ደቂቃ ሞላ ብለው የሚያወሩ አሉ፤ ማጋነን ይኖርበታል። ሸኝቷቸው ሲያበቃ ከሳሊህ ሱቅ ስልክ ተውሶ እትዬ አስካለች ጋ ደወለ። "ሄሎ" እንዳሉ ወዲያው "ቤሌ! ቤሌ! ቤሌ!" አለባቸው። ሴትዮዋ መጀመሪያ ደነገጡ፤ ቀጥሎ "ጆሮዬን!" እያሉ ሲስቁ ተሰማ፤ ቀጥሎ ማልቀሳቸው ነው መሰል ድምፃቸው ተቆራረጠ። ዳልጮም ስልኩን ሳይዘጋ እስኪረጋጉ ጠበቃቸው።

ከዚያ ወዲህ ሥራውን ቀጥሏል። በየጊዜው ደሙን ያስለካል፤ ኪኒኑን ህብረት ፊት ይውጣል። ጓሮ እንደገና ጎመን ተተክሏል፤ መጠኑን የምትቆጣጠረው ግን እሷ ናት። እሑድም ከፊቱ የሚቀመጡት ሰዎች አንገታቸውን መስበር ጀምረዋል።

በቅርቡ ሳሊህ የእህቱን ልጅ ዛራን ወደ ሱቁ አምጥቷት ነበር። ኮሌጅ የምትማር ወጣት ናት፤ እሷም ሁለት ቫልቭ እንዲቀየርላት ለአዲስ አበባ ቀን ተይዞላታል። እንቅልፍ አጥታ ነበርና አጎቷ "የሆነበትን ሰው ጠይቂ" ብሎ ከዳልጮ ፊት አስቀመጣት።

"ጋሽ ዳልጮ፣ ያማል?"

"ያማል። በተለይ ስትስቂ።"

"እዚያ ምን የሚያስቅ ነገር አለ?"

"ከጎንሽ የሚተኛውን ሰው አታውቂማ! ትራስ ይሰጡሻል፤ ደረትሽ ላይ ታቅፊና ነው የምትስቂው። ስታስይም እንደዚያው።"

"ከእርስዎ ጎን የተኙት ሰው አሁን እንዴት ናቸው?"

ሳሊህ ደነገጠ። ዳልጮ ግን አልሸሸም። "ሞቱ" አላት። "ዘግይተው ነው የመጡት። አንቺ በጊዜ ተገኝቶልሻል። ሁሉም ይወጣል ብዬ አልዋሽሽም፤ ብዋሽም ደረቴ ያጋልጠኛል። ብዙ ሰው ይወጣል። እኔ ወጥቼ ይኸው መናኸሪያ አደነቁራለሁ።"

ዛራ ጭቅታውን አዳመጠች። "የኔም እንዲህ ይጮሃል ማለት ነው?"

"አዎ። ፈተና ላይ ከሆንሽ ግን ለአስተማሪው ቀድመሽ ንገሪ።"

ሳቀች። በተከታዩ ሰኞ አበባ ያለበት ትራስ በብብቷ ይዛ ተሳፈረች፤ የሆስፒታሉን ትራስ አላምንም ብላ።

ትናንት ደወለች። ቀዶ ሕክምናው ካለፈ ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። ሳሊህ ስልኩን ለሁሉም እንዲሰማ ከፍ አድርጎ ከሳሙናው ካርቶን ላይ አስቀመጠው። ሻዩ ቀጭን ነው አለች፣ ነርሷ ስታነቃ አትራራም አለች፣ አጠገቧ የተኛችው ሴትዮ ቀኑን ሙሉ ታስቃታለች፣ ይሄ ግፍ ነው አለች።

"ማማረር ከጀመረችማ ድናለች፣ አልሐምዱሊላህ" አለ ሳሊህ ዓይኑን በእጅጌው እየጠረገ።

ዳልጮ ሊመልስለት ሲል የቤሌው ሾፌር ጥሩንባውን ነፋ፤ አንድ ወንበር ቀርቶታል።